ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ የስንት ኪሎ ሜትር፣ የስንት ሰዓት መንገድ ነው?



ልጇ አሜሪካ የሚኖር እናት ለጉዞ ስትሰናዳ በቅድሚያ የምትጠይቀው «መንገዱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላ ነው። መልሱ ግን እንደ ጎረቤቱ ብዛት ነው። አንዱ ትኬቱን አይቶ «አሥር ሰዓት ነው» ይላታል። ሌላው «የለም፣ እኔ ስመጣ የፈጀብኝ አሥራ ሦስት ሰዓት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምን አሥራ ሦስት! አሥራ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ እግሬ አብጦ ነው የወረድኩት» ብሎ ያስደነግጣታል። እናትየዋም ማንን እንደምታምን ግራ ይገባታል።

የሚገርመው ነገር ሦስቱም ሰዎች አለመዋሸታቸው ነው። አሥርም፣ አሥራ ሦስትም፣ አሥራ ሰባትም እውነት ናቸው። እንዴት ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ጉዳዩ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም። የወላጆቻችን ጤንነት፣ የሰላታችንና የፆማችን ሰዓት፣ ይባስ ብሎም ወላጅ ሲሞት ለቀብር መድረስና አለመድረስ ከዚህ ስሌት ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለሆነም ወጣቶች እርሳስና ወረቀት ይዘው፣ ወላጆችም ልብ ብለው እንዲከታተሉን እንጋብዛለን።

ርቀቱ እንዴት ይለካል?

በቅርቡ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጂዳ ያለው የአየር ርቀት 1,400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ሊባል በሚችል ደረጃ ተደራርበው የተቀመጡ ስለሆኑ ሒሳቡ ቀላል ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። የጂዳ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 21 ዲግሪ ከግማሽ አለፍ ብሎ ነው። ልዩነቱ 12.7 ዲግሪ ይሆናል። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማባዛት ብቻ ይበቃል። ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚጓዝ ሰው ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ ይደርሳል። ሰዓቱንም ማስተካከል አያስፈልገውም፤ የጂዳና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነውና።

ዋሽንግተን ግን እንዲህ አይደለችም። የከተማይቱ ትልቁ ዓለም አቀፍ ማረፊያ ዳላስ ይባላል። በቴክሳስ ካለችው ዳላስ ከተማ ጋር እንዳይምታታባችሁ አደራ። በቦሌና በዚህ ማረፊያ መካከል ያለው ቅስት በምድር ሉል ላይ ሲለካ 104 ዲግሪ ነው። በ111.2 ብናባዛው 11,560 ኪሎ ሜትር ግድም እናገኛለን። የጂዳን መንገድ ስምንት ጊዜ ደጋግሞ እንደመሄድ ማለት ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ ተጓዡ የዓለምን ዙሪያ ከሩብ በላይ ይሸፍናል።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መስመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ ሰሐራን ሰንጥቆ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ቀጥሎ በትምህርት ቤታችሁ ያለውን ሉል አምጡና ክር ወስዳችሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወጥራችሁ ያዙት። ክሩ ሌላ መንገድ ይመርጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ውቅያኖሱ ላይ ይደርሳል። መሐል ውቅያኖስ ላይ እስከ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ከወጣ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ቁልቁል ይወርዳል። በክፍል ውስጥ ይህንን ሳሳይ ተማሪዎቼ «ክሩ ተጣሟል!» ይላሉ። የተጣመመው ግን ካርታው ነው። ክብ የሆነውን ምድር ዘርግተን ወረቀት ላይ ስናነጥፈው ቀጥ ያለው ጠማማ፣ ጠማማው ቀጥ ያለ ይመስላል። በካርታው ቀጥተኛ መስመር የሚበር አውሮፕላን 12,100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በክሩ መንገድ የሚሄደው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያተርፋል።

ከዋሽንግተን ሲመለስም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች ስለሚመስለን አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል ብለን እንጠብቃለን። አጭሩ መንገድ ግን የሚጀምረው በሰሜንና በምሥራቅ መካከል ነው።

ይህ ጉዳይ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። አውሮፕላን ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አባቶቻችን ይህንኑ ሒሳብ ሲሠሩ ኖረዋል። ምክንያቱም ቂብላን ማወቅ ነበረባቸው። ከእ.ኤ.አ. 813 እስከ 833 በገዛው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ሊቃውንት ሲንጃር በተባለው በረሃ ወጥተው አንድ ዲግሪ ምን ያህል መንገድ እንደሆነ በእግራቸው ለኩ። ያገኙት ውጤት 56 ከሁለት ሦስተኛ የዐረብ ማይል ሲሆን ዛሬ ከምናውቀው 111 ኪሎ ሜትር ጋር የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ973 የተወለደው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ደግሞ ከተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ አድማሱ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በመለካት የምድርን ስፋት አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1025 ባጠናቀቀው የቦታዎችን አቀማመጥ በሚመለከተው መጽሐፉ ውስጥም ዛሬ በአፍጋኒስታን የምትገኘውን የጋዝናን ቂብላ በዚሁ የሉል ሒሳብ ወስኗል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ በዋሽንግተን ከተማ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1957 የተከፈተው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል መስጂድ ሚሕራቡ የሚያመለክተው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ የለመደ ሰው «መካ እኮ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ናት፣ መስጂዱ ተሳስቷል» ይላል። ስሕተቱ ግን የመስጂዱ አይደለም። ክሩን በሉሉ ላይ ከዋሽንግተን እስከ መካ ወጥሮ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አብራሪው የሚከተለው መስመርና ሰጋጁ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ በአንድ ሒሳብ የተገኙ ናቸው።

ሲሄዱ አሥራ ሰባት፣ ሲመለሱ አሥራ ሦስት ለምን ሆነ?

መንገዱ ያው ከሆነ የሰዓቱ ልዩነት ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ምድር ስለምትሽከረከር ነው» ብሎ ይመልሳል። ምድር በምድር ወገብ አካባቢ በሰዓት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች። ታዲያ ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ከተማይቱ ራሷ ወደ እሱ ልትመጣለት አይገባም ነበርን? አይደለም። አየሩም አብሮ ይሽከረከራል፤ አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት ከምድር ጋር ሲሽከረከር ነበር። በሚሮጥ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ላይ የዘለለ ልጅ የኋላ ወንበር ላይ እንደማይወድቅ ሁሉ አውሮፕላንም ከምድር መሽከርከር በቀጥታ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ዋነኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰሜኑ የምድር ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ እንደ ወንዝ ያለ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በክረምታቸው ከ300 የሚበልጥበት ጊዜም አለ። በምሳሌ እናስላው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ነፋስ ባይኖር 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር የሆነ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 14 ሰዓት ያልፈዋል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ግን 12 ሰዓት አይሞላበትም። እንግዲህ በነፋስ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ልዩነት መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን አገር ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ማረፊያ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጥረዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መንደርደርና የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። መፍትሔው ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ተነስቶ በመንገድ ላይ መሙላት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በተለያዩ ዓመታት በሮምና በደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። መውረዱ፣ መሙላቱ፣ እንደገና መነሳቱ ሲደመር ጉዞው ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ይጠጋል።

የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። አየሩ ወፍራም ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳል። ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ በመንገድ ሳይቆም በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ይህም የሁለተኛውና የሦስተኛው ጎረቤት መልስ ነው።

አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። ዛሬ ደግሞ በዓለም ላይ ከሲንጋፖር እስከ ኒውዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል ያለማቋረጥ አሥራ ስምንት ሰዓት ግድም የሚበር አውሮፕላን አለ። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከጣንጃ ተነስቶ መካ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ እንደፈጀበት ስናስብ፣ አላህ (ሱ.ወ.) በዘመናችን ያገራልንን ጸጋ እንረዳለን።

የትኬቱ ሰዓትና የእኛ ሰዓት

ወደ መጀመሪያው ጎረቤት እንመለስ። «አሥር ሰዓት ነው» ያለው ሰው ትኬቱ ላይ መነሻ 22:30፣ መድረሻ 08:30 የሚል አይቶ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካኖች በማርች ወር በሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ገፍተው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ስለሚመልሱት ነው ልዩነቱ የሚለዋወጠው። በበጋቸው ከሆነ በአሥሩ ላይ ሰባት ስንደምር አሥራ ሰባት ይመጣል። የጎረቤቶቹ ክርክርም በዚሁ አለቀ።

ከዚህ የባሰ ጣጣ የሚያመጣው ግን የእኛና የፈረንጁ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያሳስተው የቀኑ መለወጫ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ በአገራችን ልማድ ሲነጋ ነው። በእስልምና ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ነው።

ለምሳሌ ትኬቱ «ዓርብ 00:15» ይላል እንበል። አባወራው «ዓርብ ሌሊት ነው» ብለው ዓርብን ተሰነባብተው፣ እራት በልተው ዓርብ ማታ ማረፊያው ቢደርሱ አውሮፕላናቸው ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ትክክለኛው አነጋገር «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15» የሚለው ነው። እዚህ ላይ የእስልምናው አቆጣጠር ይረዳናል። ለይለቱል ጁሙዓ የምንለው የትኛውን ሌሊት ነው? ሐሙስ ማታ የሚገባውን አይደለምን? እንግዲህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ አውሮፕላን ሲገጥማችሁ በዚሁ አስሉት፤ ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል። በዚህ ምሳሌ ተጓዡ ማረፊያው መገኘት ያለባቸው ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሌላም አለ። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ። 07/10 ብለው ሲጽፉ ጁላይ 10 ማለታቸው እንጂ ኦክቶበር 7 አይደለም። ስለዚህ ትኬት እንደተቆረጠ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሳምንቱን ዕለትና በእኛ ሰዓት ማረፊያው የሚደረስበትን ጊዜ በትልቁ ጽፎ ከግድግዳ ላይ መለጠፍ ከብዙ ኪሳራና ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

ሰላትና ፆም በአየር ላይ

በብዙኃኑ ዑለማ ዘንድ ሰላት የሚያጥርበት የጉዞ ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። 11,560 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ያለ ጥርጥር ሙሳፊር ነው። «ወንበሩ ምቹ ነው፣ አልደከመኝም» ማለቱ ይህንን አይለውጠውም። ሰላቶችን ስለማጣመር በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ እያንዳንዱ ከመነሳቱ በፊት የሚያምነውን ኡስታዝ ይጠይቅ። መቆም የሚችልበት ቦታ ካገኘ ቆሞ፣ ካልቻለም በወንበሩ ላይ ሆኖ በሚቻለው ይሰግዳል እንጂ «ስደርስ አወጣዋለሁ» ብሎ ወቅቱን ማሳለፍ አይገባም።

ፆምን በሚመለከት ተጓዥ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ መፈቀዱ በሱረቱል በቀራ 185ኛ አንቀጽ ላይ ተደንግጓል። መፆም የፈለገ ግን ሒሳቡን ይወቅ። በረመዳን፣ ማርች ወር አካባቢ፣ ከዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ የተነሳ ፆመኛ ወደ ሌሊቱ እየገሰገሰ ነው የሚሄደው። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ውቅያኖስ ላይ ሳለ ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ዋሽንግተን የቀሩት ጓደኞቹ ገና እየፆሙ ሳለ እሱ ያፈጥራል። በአንጻሩ በቀን ወደ ምዕራብ የሚበር ፆመኛ ፀሐይን እየተከተለ ስለሚሄድ ቀኑ ይረዝምበታል። ዑለማ እንዳብራሩት መለኪያው የተነሳበትም የሚደርስበትም ከተማ ሰዓት አይደለም፤ እሱ ባለበት ቦታ ፀሐይ መጥለቋ ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዱባይ የፈትዋ ኃላፊ በቡርጅ ኸሊፋ ሕንጻ ከ80ኛው ፎቅ በላይ የሚኖሩ ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉ ሦስት ደቂቃ ቆይተው እንዲያፈጥሩ ተናግረው ነበር። ከፍ ያለ ሰው ፀሐይን ከታች ካለው ሰው ዘግይቶ ነው የሚያጣት። አውሮፕላን በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲበር ልዩነቱ ከአሥር ደቂቃ ያልፋል። ስለዚህ ከበታቹ ያለው ከተማ ጨልሞ ቢያይም ፀሐይዋ በመስኮቱ የምትታየው ፆመኛ ትንሽ ይታገስ።

ጀናዛ ላይ መድረስ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። አባት ደሴ ላይ፣ በሐምሌ ወር፣ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አረፉ እንበል። ልጃቸው ያለው ዋሽንግተን ነው። በዚያች ደቂቃ ለእሱ ገና እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የዕለቱ በረራ ሄዷል። ትኬት ቢያገኝ የሚነሳው በማግሥቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን ያን ጊዜ አገር ቤት ሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። አሥራ ሦስት ሰዓት በርሮ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ከዚያም እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለ። ሁሉም ነገር ቢሳካለት አባቱ ቤት የሚደርሰው ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን ተኩል አልፎ ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛን እንድናፋጥን አዘውናል። በሸሪዓው መሠረት አባት ሰኞ ከዙህር በኋላ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ቢቀበሩ ልጁ ጋ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ወደ ማረፊያውም አልሄደም። የሚደርስበት መንገድ የለም። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ የቤተሰቡም ጭካኔ አይደለም።

ብዙ ቤተሰብ ግን ይህንን ስሌት ባለማወቅ ከሁለት ችግር በአንዱ ይወድቃል። አንዱ ልጁ እስኪመጣ ብሎ ጀናዛውን ማቆየት ነው። ሁለተኛው መርዶውን ደብቆ «አባትህ ትንሽ አመማቸው፣ ና» ብሎ መጥራት ነው። ልጁ አሥራ ሦስት ሰዓት ሙሉ «በሕይወት እደርስባቸዋለሁ» እያለ ዱዓ ሲያደርግ ቆይቶ ቦሌ ሲወርድ ነጠላ የለበሱ ዘመዶች ይጠብቁታል። ለእሱ በማሰብ የተደረገ ቢሆንም ሐዘኑን እጥፍ ያደርገዋል። የሚሻለው እውነቱን በሰከነ ሰው አፍ ነግሮ፣ «ቀብሩ ዛሬ ከዙህር በኋላ ነው፣ አንተም ባለህበት ዱዓ አድርግላቸው» ማለት ነው።

በሩቅ ላለ ሰው መጽናኛ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ የምትጠርገው ሴት ሞታ ሳይነገራቸው ከተቀበረች በኋላ ቀብሯ ድረስ ሄደው ሰግደውባታል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ከዚህ ይማራል። ነጃሺ ሐበሻ ምድር ላይ በሞቱ ጊዜም መዲና ሆነው ባልደረቦቻቸውን አሰልፈው ሰግደውላቸዋል። ስማቸውን የያዘው የነጃሺ መንደር በትግራይ የሚገኝ ሲሆን ከመዲና ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ርቀቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት የማይፈጅ መንገድ በዚያ ዘመን የባሕርና የበረሃ ጉዞ ነበር፤ ሰላቱን ግን አላገደውም። ከዚህ በመነሳት የሻፊዒና የሐንበሊ ዑለማ ሰላተል ጋኢብን ሲፈቅዱ፣ የሐነፊና የማሊኪ ዑለማ ጉዳዩን ለነጃሺ ብቻ የተለየ አድርገው ያዩታል። ልጁ በአካባቢው ያሉትን ዐዋቂዎች ይጠይቅ። ዱዓ ግን በሁሉም ዘንድ ይደርሳል።

ለሚጓዙ ወላጆችና ለሚልኳቸው ልጆች

የስኳር በሽታ ያለባቸው ተጓዦች የሰዓቱን ለውጥ አቅልለው አይዩት። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ቀኑ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይረዝማል፤ ሲመለሱ በዚያው ልክ ያጥራል። የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት ከመነሳት በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ግድ ነው። ኢንሱሊኑ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው። ከሥር በሚገባው ዕቃ ውስጥ ከሆነ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል፤ ሻንጣው ቢጠፋም አብሮ ይጠፋል።

ለረዥም ሰዓት መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ይህንን አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምረዋል። ይሁንና በጥቅሉ የሚያጋጥመው ከ6,000 ሰው አንዱን ያህል ስለሆነ መደንገጥ አያስፈልግም። በየሁለት ሰዓቱ መነሳት፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ማዟዟር፣ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይበቃል። ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ግን ሐኪም ያማክሩ። «ሽንት ቤት መመላለስ አፍራለሁ» ብለው ውሃ የሚተዉ እናቶች ብዙ ናቸውና ልጆች ይህንን አስረዱ። ከተቻለ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዙላቸው።

ደስ የሚል ነገርም እንንገራቸው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር የሚስተካከለው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ነው። ይህም ከአዲስ አበባ አየር ጋር ተመሳሳይ ነው። በቆላ ለሚኖሩ ሰዎች የሚከብደው አየር ለደገኛ እናት ከሰፈሯ እንደመቀመጥ ነው። የሚለየው ድርቀቱ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ያላችሁ ልጆችም አንድ ነገር አስቡ። ከላይ እንዳየነው አሥራ ሦስቱ ሰዓት ለጀናዛ ይረዝማል። በሕይወት ያለን ወላጅ ለመዘየር ግን አጭር ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሳ ሰው በማግሥቱ ለቁርስ ይደርሳል። ለሐዘን ቀን በጥድፊያ ለሚቆረጥ ውድ ትኬት የሚወጣውን ገንዘብ፣ አባትና እናት በጤና ሳሉ በእርጋታ ለሚደረግ ዚያራ ማዋል ሲለቱ ረሒምን መቀጠል ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወጣት ለወላጆቹ ትኬቱን ያንብብላቸው፣ ሰዓቱን ያስላላቸው፣ መድኃኒታቸውንም በእጅ ሻንጣቸው ያስቀምጥላቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፣ የራቁትንም ያገናኝልን። አሚን።